በጡብ ቤት ማጎንበስ ክልክል ነው

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ከቤትህ ስትወጣ ሰው መሆንህን ለማን አስመሰከርህ? ለማንም ካልሆነ እሰየው። እንግዲያው የዚያ አገር ሰው አይደለህም፤ ወይም ነህ፣ ነገር ግን ተራህ ገና አልደረሰም።

የምነግርህ አገር ስም ነበረው፤ እኔ ግን አፌ ላይ ላመጣው አልፈቅድም። ሁለት ወንዞች በሚገጥሙበት ሜዳ ላይ የተቀመጠ፣ አፈሩ ቀይ፣ ውሃው ቀይ፣ ልብሱ ቢታጠብም ቀይ የሚቀር አገር ነበር ብል ይበቃል። ሕዝቡ ጡብ ይሠራል። ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ጭቃ ሲረግጥ፣ በቅርጽ ሲያወጣ፣ በእሳት ሲያበስል ኖሯል። የንጉሡ ግንብ፣ የንጉሡ ጎተራ፣ የንጉሡ ወህኒ ሁሉ በዚያ ሕዝብ እጅ የቆመ ነው።

ያ ሕዝብ ከጡብ ሌላ አንድ ጥበብ ያውቅ ነበር፤ ገመና መሸፈን። ባዳ ደጃፍ ላይ ሲታይ፣ ጭቃ የሚረግጠው ከጭቃው ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጀርባ የተፈጠረው ለንጉሥ እጅ ሊነሳበት ነው ይባላል፤ በሌላ ምክንያት ታጥፎ መታየት ነውር ነው። በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የአገሩ ሰው በሙሉ ተሥሏል፤ ሁሉም ቆሟል። ቀኑን ሳያጎነብስ የሚውል ሰው በሌለበት አገር፣ ሥራ ላይ ያጎነበሰ ሰው ሥዕል አንድም አልነበረም።

እኔ የጡብ ቤቱ አዋጅ አንባቢ ነበርሁ። በሩ ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ የወጣውን አዋጅ ጠዋት ጠዋት ለሁለት መቶ ሠራተኛ አነባለሁ። ታናሽ እህቴ እንጉዳይ ጡብ በቅርጽ ታወጣ ነበር። በፍጥነት የሚደርስባት አልነበረም።

የድሮውን ጡብ ቤት አሳምሬ አልነግርህም። ምድጃው ይፈጃል፤ መጭመቂያው ጣት ይበላል። አባታችን ተረት ሲነግረን የሚያወናጭፈው ቀኝ እጁ ሦስት ጣት ብቻ ነበረው። ነገር ግን ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ ነበረ። የአንዱ ልብስ ሲያዝ፣ የአንዱ እግር ሲንሸራተት፣ አጠገቡ ያለው «ልቀቁ!» ብሎ ይጮሃል። «ልቀቁ!» ሲባል መጭመቂያውን የሚያዞረው እጁን ይለቃል፣ የተሸከመው ሸክሙን ይጥላል፣ ሁሉም ወደ ወደቀው ይሮጣል። ለአባታችን ሦስቱ ጣቶች የቀሩለት በዚያ ጩኸት ነው። ያለ እሱ ክንዱም አይቀርለትም ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አርባ አስተዋዮች ወንዝ ተሻግረው መጡ።

አስተዋይ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ንጉሡ ነው። በሸራ ተሸፍነው በጋሪ መጡ። ሸራው ሲገለጥ እያንዳንዱ ከሰው በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ በመንኮራኩር ይሄዳል፤ አንድ ረጅም የብረት ክንድና አንድ የመስታወት ዓይን አለው። የሚገፋው የለም፣ የሚያዞረው የለም። የትኛው ጡብ እንደደረቀ፣ የትኛው እንደተሰነጠቀ፣ በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት፣ መቼ መጫን እንዳለበት ራሱ አይቶ ራሱ ይወስናል። ያየውን አይረሳም። ዛሬ የሠራውን ነገ አሻሽሎ ይሠራዋል።

ከእነሱ ጋር አንድ የማዶ ባለሙያ መጣ፤ ቀጭን፣ ቋንቋችንን ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። «ይህ መሣሪያ ሰው ሲያይ ይቆማል» አለን። «ግን መጀመሪያ ሰው ምን እንደሚመስል ልታሳዩት ይገባል። ሥራ ላይ እንዳላችሁ አሳዩት። ስታጎነብሱ፣ ስትንበረከኩ፣ ተሸክማችሁ ስትሄዱ፣ ስትወድቁ። ነፍሰ ጡሯንም፣ አንካሳውንም፣ ጭቃ የለበሰውንም ይይ። ያላየውን አያውቅምና።»

መልስ የሰጠው ሊቀ ቁመና አጥናፌ ነበር። የሊቀ ቁመናነት ሹመት በሌላ አገር ስለሌለ ላስረዳህ። በንጉሡ ፊት የሚቀርብ ሰው ሁሉ አቋሙ የተስተካከለ መሆኑን የሚመረምር ሹም ነው። ግንበኛ ግድግዳ የሚለካበትን ቱምቢ በብር አሠርቶ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። ቱምቢውን በጆሮህ ትይዩ ለቆ ክሩና ተረከዝህ ካልገጠሙ ወደ ቤትህ ይመልስሃል።

«ጌታው፣ የእኛ ሰው አያጎነብስም» አለ።

«አሁን በመስኮት ያየሁትስ ምንድን ነው?»

«ያየኸው ሥራ ነው። ሰው አይደለም።»

ሹማምንቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አነጋገሩ ጥሞኝ ነበር።

ማሳየቱ ሦስት ቀን ፈጀ። ሠራተኛው በወንዙ ታጠበ። ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ነጭ ልብስ በውሰት መጣ። ነፍሰ ጡሮቹ ወደ ቤታቸው ተላኩ። አያ ደርሶ የሚባሉ፣ አርባ ዓመት ጡብ ተሸክመው ጀርባቸው እንደ ቅስት የቀረ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውን ከምድጃው ኋላ ደበቋቸው። የቀረው ሰው ተራ በተራ በመስታወቱ ዓይን ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ሊቀ ቁመና ቱምቢውን ይለቃል፤ እኔ ስም አነባለሁ፤ አስተዋዩ ያያል።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያው እንደገና ለመነ። እንደገና ተሳቀ። ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥቶ «የታየው ይህ ብቻ ነው» የሚል ጻፈበት፣ ሊቀ ቁመናን አስፈረመ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ያውቅ ነበር። አውቆ ሄደ።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ያነበብሁት እኔ ነኝ። «አስተዋይ ሰውን አይነካም።» ሴቶቹ እልል አሉ።

መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር፤ ይህን አልክድም። ትኩሱን ጡብ ከእሳት የሚያወጣው የብረት ክንድ ሆነ። መጭመቂያው ጣት መብላት አቆመ። እንጉዳይ አንድ ቀን መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ።

«እታለም፣ እዪማ፣ ጠባሳው ጠፋ! የሙሽራ እጅ አይመስልም?»

«የማን ሙሽራ?»

«አንቺ ደግሞ! እጁ ይምጣ እንጂ ባሉ የት ይሄዳል!»

በሦስተኛው ወር ጫቅሉ የሚባል ጡብ ደርዳሪ የጫማውን ጠፍር ሊያስር ጎንበስ አለ። አስተዋዩ መጣ። አልቆመም። ጎንበስ ያለውን ነገር አየው፣ እንደ ጥሬ ጡብ አነሳው፣ መጭመቂያው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠውና ጫነው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ችኮላም አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ጡብ አነሳ። ያንን ካየን በኋላ ጉልበቱን ማጠፍ የደፈረ አልነበረም።

ቤተ መንግሥቱ ለዚህ ነገር አዲስ ሹመት አቋቋመ፤ የሰውነት ዳኛ። ዳኛው ረጋ ያለ ሰው ነበር። እንዲህ ብሎ ፈረደ። አስተዋይ ሰውን እንደማይነካ ታውጇል። አስተዋይ ጫቅሉን ነክቷል። ስለዚህ ጫቅሉ በዚያች ጊዜ ሰው አልነበረም። ሰው ካልነበረ ሞተ አይባልም፤ ተሰበረ ይባላል። የተሰበረ ነገር ደግሞ ቦታው ከምድጃው ኋላ ያለው የስብርባሪ ጉድጓድ ነው። ለተሰበረ ጡብ ለቅሶ የሚቀመጥ የለምና፣ ማልቀስ አዋጁን ማስተባበል ነው።

ይህንንም አነበብሁት።

ፍርዱ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን የተፈረደውን ሁሉ ለአስተዋዮቹም ማሳየት ደንብ ሆነ። የጫቅሉን ነገር አሳይተው «ይህ ዕቃ ነው» አሏቸው። ያየውን የማይረሳ ነገር አመነ። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ያለ ነገር መንገዱ ላይ እስኪያገኝ መጠበቁን ትቶ፣ ከሩቅ አይቶ ወደዚያ መሄድ ጀመረ።

ደንቡ በዛ። በጡብ ቤት ውስጥ ማጎንበስ ክልክል ነው። የወደቀ ነገር አይነሳም። ጫማ ጠፍር አይኖረውም። ማንም ሲራመድ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ይሆናል። ማስነጠስ ያስጎነብሳልና ያስነጠሰው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ወደ ደጅ ሲወጣ ግን አይሮጥም። ሆዷ የገፋ ሴት በጡብ ቤቱ አትታይም። «ልቀቁ!» ብሎ መጮህም ተከለከለ፤ ሰው ድምፁን ሲሰማ የመሮጥና የማጎንበስ የቆየ አመል ስላለበት ነው ተባለ። በአመልማ ነበር የኖርነው።

ፍርሃቱ በጡብ ቤቱ በር አልቆመም። አስተዋይ በሌለበት መንደር እናቶች የወደቀባቸውን ማንኪያ በእግር ጣታቸው ማንሳት ተማሩ። ገበያው ላይ ሽንኩርቱም ጨውም ከደረት በላይ በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። የጎበጡ አሮጊቶች ከቤት መውጣት ተዉ። አንድ ቀን ሴት ልጅ መንገድ ላይ ቁጢጥ ብላ ስትጫወት እናቷ በጥፊ መትታ ስታስነሳት አየሁ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

አያ ደርሶን ምን እናድርጋቸው? ከሥራ ቢወጡ የሚጦራቸው የለም። እንጉዳይ ዘዴ አገኘች። ጠዋት ጠዋት ከደጅ ጀርባቸው ላይ ሳንቃ አድርጋ በጠፍር ጥርቅም አድርጋ ታስራቸዋለች። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ቀጥ ይላሉ። አጠገባቸው ጡብ የሚደረድረው ታፈረ ቀልድ ካልተናገረ የማያድርለት ሰው ነበር።

«አያ ደርሶ፣ ዛሬስ በር መስለዋል። ላንኳኳ?»

«ብታንኳኳስ ማን ይከፍትልሃል? ባለቤቱ ከወጣ አርባ ዓመቱ።»

«እንግዲያው እንጉዳይ ቁልፉን ትስጠኝ።»

«አንተን ነው በጠፍር ማሰር፣ አፍህን!» ትላለች እንጉዳይ እየጎተተች። «በሉ ሳቅ አታብዙ። ሳቅም ያስጎነብሳል።»

ሰባት ሰው ከተሰበረ በኋላ ነው የእህቴ ቀን የደረሰው። ሳምንቱን ዘንቦ ጠፍሩ ርሶ ነበር። አያ ደርሶ በአዳራሹ መካከል ሲያልፉ ጠፍሩ ተበጠሰ። ሳንቃው ተንሸራተተ፤ ሽማግሌው ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ተመለሱና በግንባራቸው ወደቁ። በአዳራሹ ያለው ሁሉ ቆመ። የአንዱ አስተዋይ ዓይን ዞረ።

ታፈረ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። እጁ ከደረቱ ስትነሳ አየሁ። ተመልሳ ስትቀመጥም አየሁ። እኔ በሩ ላይ ከድንጋዬ ላይ ነበርሁ፤ አሥራ ሁለት እርምጃ። እንጉዳይ ከሁላችንም ትርቅ ነበር። መጀመሪያ እንደ ደንቡ ቀጥ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሄደች፤ ሽማግሌው ዘንድ ስትደርስ ግን ጎንበስ አለችና በሁለት እጇ ከብብታቸው ይዛ ወደ ግድግዳው ጎተተቻቸው። እሳቸውን አደረሰች። እሷ አልደረሰችም።

«ልቀቁ!» ያለ የለም። እኔም አላልሁም። ድምፅ ነበረኝ፤ ድምፅ ነው ሥራዬ። አላልሁም።

በሰውነት ዳኛው ፊት የቀረብሁት በማግስቱ ነው። እናታችን ቤት ውስጥ ጥቁር ነጠላዋን እጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ላልቅስ?»

«ገና ነው እማዬ። ሰው ናት ይበሉ መጀመሪያ።»

ዳኛው መቀመጫ ሰጠኝ። ውሃ አስመጣልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምናገረው ደግነቱ ምን እንዳደረገ እንድታየው ነው።

«በዚያች ጊዜ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነበር ወይስ የጎበጠ?» አለኝ።

«ሰው እያነሳች ነበር።»

«የጠየቅሁሽ ጀርባዋን ነው፣ እህቴ።»

«የጎበጠ ነበር።»

«ታነሳው የነበረውስ?»

«አያ ደርሶን ነው። ሳንቃቸው ወልቆ…»

«እሱም ጎብጦ ነበር። እንግዲህ ያየሽው ዕቃ ዕቃን ሲያነሳ ነው።» ብዕሩን አጠቀሰ። «ውሃሽን ጠጪ እንጂ።»

አያ ደርሶ ከደጅ ሆነው ልመስክር ብለው ጮኹ። ጎባጣ አይመሰክርም ተባሉ። እህቴ ያንኑ ዕለት የስብርባሪው ጉድጓድ ገባች። ሳልደርስ በላይዋ ሁለት ጋሪ የተሰነጠቀ ጡብ ተገልብጦባት ነበር።

እናቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። «ላልቅስ?» «ገና ነው።» ነጠላዋን ትነክሳለች። ከአንድ ወር በኋላ የነጠላዋ ጫፍ ተበልቶ አለቀ። ያኔ የምፈልገው ፍትሕ አልነበረም። ካሣም አልነበረም። ለእናቴ የምታለቅስላት ልጅ እንድትኖራት ብቻ ነበር።

ከዚያ ንጉሡ ጡብ ቤቱን ሊጎበኝ ነው ተባለ።

ሹማምንቱ ስምንት ቀን ተማከሩ። ንጉሥ ሲገባ ሕዝብ ግንባሩን መሬት አስነክቶ እጅ ይነሳል፤ ካልነሳ አንገቱን ይቆረጣል። በጡብ ቤት ደግሞ ያጎነበሰ ይሰበራል። በስምንተኛው ቀን ሊቀ ቁመና ብልሃት አመጣ፤ በሽፋሽፍት እጅ መንሳት። ሁለት መቶ ሰው ሰልፍ ገብተን ተለማመድን። ሊቀ ቁመና «ጎንበስ!» ሲል የዓይናችንን ቆብ እናወርዳለን፤ «ቀና!» ሲል እንገልጣለን። ታፈረ ቶሎ ቶሎ ቢያርገበግብ «ይህ ሰው ንጉሡን እየጠቀሰ ነው» ብለው ተቆጡት።

ለንጉሥ አቤት ማለት የሚቻለው መሬት ላይ ተደፍቶ ሦስት ጊዜ በመጮህ ነው። የንጉሥ ጆሮ ከመሬት የሚነሳ ድምፅ ብቻ መስማት ነው የለመደው። ይህን እያወቅሁ ሐሳቤን ለታፈረ ከደጅ ነገርሁት።

«አንቺ አብደሻል» አለኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀልድ። «ብትደፊ ንጉሡ ሳይሰማሽ አስተዋዩ ያነሳሻል።»

«ቆሜ እጮሃለሁ።»

«ቆሞ አቤት ያለ አንገቱን ይቆረጣል።»

«አንገቱ የተቆረጠ ግን ሰው ሆኖ ይቀበራል።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን አላየም።

ንጉሡ ረፋድ ላይ ገባ። ሊቀ ቁመና «ጎንበስ!» አለ፤ የሁለት መቶ ሰው ሽፋሽፍት ወረደ። አርባው የብረት ክንድ ሥራውን አላቋረጠም። እኔ የደስታ መግለጫውን እንዳነብ ተጠራሁ። ወረቀቱን ጣልሁት፤ ላነሳው እንደማልችልም አወቅሁ። ቆሜ ጮኽሁ።

«አቤት! አቤት! አቤት! እህቴ እንጉዳይ ሰው ናት! ሰው ናት ይበሉልኝና እናቴ ታልቅስ!»

ንጉሡ ወደ እኔ አላየም። ወደ ጣሪያው አየ።

«ይህ ድምፅ ከላይ ነው የሚመጣው» አለ፤ ለስለስ አድርጎ። «አጥናፌ፣ ሕዝባችን ቆሞ ያናግረናልን?»

ሊቀ ቁመና አጥናፌ ሃምሳ ዓመት በቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ነው። ንጉሥ ስሙን በዚያ ድምፅ ሲጠራው የሚያደርገውን ራሱ አያውቀውም፤ ጉልበቱ ያውቀዋል። ቱምቢው ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ግንባሩ መሬቱን ነካ። «ይማሩኝ ንጉሥ ሆይ» ብሎ ጀመረ። ግንባሩ ጡቡን ሲነካ ነው የት እንዳለ ያስታወሰው። ለመነሳት ሞከረ፤ የገዛ ካባውን ረግጦት ነበር።

የመስታወት ዓይን ዞረ።

አጥናፌ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ከታች ወደ ላይ አየኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ከአፉ ወጣ። «ልቀቁ!» አለ። ለካ የጡብ ሠሪ ልጅ ነበር። ያንን ጩኸት ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባ ሰው በዚያ ድምፅ አይጮኸውም።

የሚለቅ እጅ አልነበረም። ሁለት መቶ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የእኔም እጅ ደረቴ ላይ ነበረች። እዚያው ቆየች።

ነገሩ ካለቀ በኋላ የሰውነት ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እንደ ሕጉ ከሆነ፣ ሊቀ ቁመና በዚያች ጊዜ…»

«ዝም በል» አለ ንጉሡ። «ለእኛ ብሎ ያጎነበሰ ሰው ነው። ለባልንጀራው ያጎነበሰ ግን እንደ ሕጉ።»

ዳኛው ጻፈው። እኔን ማንም አልያዘኝም። ከላይ የመጣ ድምፅ ንጉሡ እንዳልሰማ ተነገረ፤ ያልተሰማ ድምፅ ደግሞ አይቀጣም፣ መልስም አይሰጠውም።

ለሊቀ ቁመና አገር በሙሉ ሰባት ቀን እንዲያለቅስ ታወጀ። አዋጁን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ አዋጅ አንባቢ አልነበረም። ያላለቀሰ ይቀጣል ስለሚል እናቴም ተጠራች። የተበላውን ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። አደባባዩ መካከል ቆማ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም ይባላል። ደረቷን ደቃች፣ ጎንበስ ቀና አለች፣ ጉንጯን ነጨች። የአጥናፌን ስም አንድም ጊዜ አልጠራችም። ሹማምንቱ ታማኝነቷን አደነቁ። ለማን እንዳለቀሰች የጠየቃት የለም። በዚያው ዓመት ሞተች። ቀብሬያት ወንዙን ተሻገርሁ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። በሰው አገር ብዙ መጽሐፍ አነበብሁ። ሰው ምንድን ነው ብለው የሚጠይቁትን ሁሉ አገላበጥሁ። ነፍሱን ይለካሉ፣ አእምሮውን ይለካሉ። ከአሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ያየውን ሰው የሚለካ አላገኘሁም።

ባለፈው መስከረም ሦስት ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። መሃለኛው ታፈረ ነበር፤ ፀጉሩ ነጥቷል። በዚያ አገር ዕርቅ የሚጠይቅ ማጅራቱ ላይ ጡብ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀርባል፤ ይቅር ያለ ጡቡን ያወርድለታል። ሁለቱ ባልደረቦቹ ታፈረን ሊያስጎነብሱት ቢታገሉ አልሆነም። ሠላሳ ዓመት ቀጥ ብሎ ጀርባው እንደ ዓምድ ቀርቷል። ጡቡን አናቱ ላይ አስቀመጡለት።

«እንዴት ነሽ፣ አንባቢዋ?» አለ። «ግድግዳ መስዬ መጣሁብሽ።»

አልሳቅሁም።

«ጉድጓዱ ተከፈተ» አለኝ። «የእንጉዳይን አጥንት ለይተን ልናወጣ ነበር፤ ከስብርባሪው ተለይቶ አልታወቅ አለ። ሁሉንም አንድ ላይ በክብር ቀበርናቸው። ሐውልትም አለ። አዲሱ ንጉሥ ሰዎች ነበሩ ብሏል። አስተዋዮቹንም እንደገና አሳየናቸው፤ አሁን ያጎነበሰ ሰው ያውቃሉ።»

«ማን አጎንብሶ አሳያቸው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ከኛ ውስጥ ማጎንበስ የሚችል ጠፋ» አለ ታፈረ። «ከሩቅ ገጠር ሰው አስመጣን።»

«ነፍሰ ጡርስ አሳያችኋቸው?»

«አንዲት።»

«መሬት ላይ የወደቀስ? የተዘረረ፣ መነሳት ያቃተው?»

ጡቡ አናቱ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«እሱ እንኳ ገና ነው» አለ ታፈረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያው ታውቂያለሽ። ተዘርሮ መታየት… ለባዳ ዓይን ነውር ነው።»

ከዚያ በኋላ ለመነኝ። እጁን አየኋት፤ ያችን ከደረቱ ተነስታ የተመለሰችውን። «አርጅቻለሁ እኮ» አለ። «ጡቡን አውርጂልኝ። ይከብዳል።»

አላወረድሁለትም። በሩን ዘጋሁ። ጡቡ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳው እንደሌለም ሰማሁ።

እያወቀ ወረቀቱን አጣጥፎ የሄደውን ባለሙያ ይቅር አልልም። ውሃ ያጠጣኝን ዳኛ ይቅር አልልም። ያለፈውን ንጉሥ አልልም፣ ያሁኑንም አልልም። የእህቴን ሞት ሞቶ እንደ ሰው የተቀበረውን አጥናፌን አልልም። ታፈረን አልልም። ቆመው ያዩትን ሁለት መቶዎቹን አልልም፤ ከእነሱም ጋር በድንጋይዋ ላይ የቆመችውን፣ ድምፅ እያላት ዝም ያለችውን፣ በኋላም እጇን ደረቷ ላይ የተወችውን ሴት አልልም። ሽማግሌ አትላኩብኝ። ማንንም ይቅር አልልም።